የጎመን ኬሚስትሪ ለማጥናት የቀንድ አውጣ ፈቃድ አምጪ ተባልኩ

ጎመን ላይ የላቦራቶሪ ሥራ ልትጀምሩ ካሰባችሁ ይህን አንብቡ። እኔን አስቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም። የዘዴው መመሪያም ስለ ጉምሩክ አንድ ቃል አይተነፍስም።

የማስተርስ ጥናቴ ሲኒግሪን በሚባል ውህድ ላይ ነበር። በእኛው የሐበሻ ጎመን፣ ማለትም በብራሲካ ካሪናታ ውስጥ፣ ከግሉኮሲኖሌቶች፣ ማለትም ጎመንና ዘመዶቹ ከሚሠሯቸው ሰልፈር ያለባቸው ውህዶች፣ ሁሉ የሚበዛው እሱ ነው። ሲኒግሪን ብቻውን አያቃጥልም። ቅጠሉ ሲከተፍ ወይም ዘሩ ሲወቀጥ ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም ያገኘውና አሊል አይሶታዮሳይኔት ይወጣል። ሰናፍጭ ስንበላ አናታችን ድረስ የሚወጣው ይኸው ነው። ለተክሉ ግን የተባይ መከላከያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ሰልፎራፌን የሚባል የዚሁ ወገን ውህድ ከብሮኮሊ ለይተው የሰውነትን መርዝ አስወጋጅ ኢንዛይሞች እንደሚያነቃቃ ካሳዩ ወዲህ፣ ዓለም ሁሉ ብሮኮሊ ብሮኮሊ ይላል። የእኛን ጎመን ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

ናሙናው ቀላል ነው። ከማሳ ውሰዱ፣ ወዲያው አቀዝቅዙ፣ በቅዝቃዜ አድርቁ፣ ፍጩ። ዱቄቱ ላይ የምትጨምሩት 70 በመቶ ሜታኖል አስቀድሞ ወደ 70 ዲግሪ የሞቀ ይሁን። ከቀዘቀዘ ማይሮሲኔዙ ሥራውን ይጀምርና የምትለኩት ነገር እጃችሁ ላይ ያልቃል።

ጣጣው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የታወቀው ዘዴ ግሉኮሲኖሌቱን ሴፋዴክስ በሚባል ጄል ላይ ያዙት፣ ከዚያ ሰልፋቴዝ በሚባል ኢንዛይም ሰልፌቱን አንሱለት፣ ሌሊቱን ይደር ይላል። ጠዋት በውሃ ታወርዱትና ውህዶችን ለያይቶ በሚለካው መሣሪያ፣ በኤችፒኤልሲ፣ 229 ናኖሜትር ብርሃን ላይ ታነቡታላችሁ። ወረቀት ላይ ሲያዩት ደስ ይላል። ሰልፋቴዙ ግን የሚመረተው ከቀንድ አውጣ ነው።

ዕቃው አዲስ አበባ ሲገባ ትራንዚተሩ ደወለልኝ። «እህቴ፣ እዚህ ላይ እንስሳ የሚል አለ» አለኝ። እንስሳ ሳይሆን ዱቄት ነው አልኩት። ጠርሙሱ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። ፈታሹ ግን ሰነዱ ላይ «ቀንድ አውጣ» የሚለውን አይቶ የእንስሳት ተዋጽኦ ፈቃድ አምጪ አለ። ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ደግሞ ይህ የላቦራቶሪ ኬሚካል ነው፣ እኛን አይመለከትም አለ። እንደማይመለከታችሁ በደብዳቤ ጻፉልኝ ስል፣ የማይመለከተን ነገር ላይ ደብዳቤ አንጽፍም ተባልኩ። ይህን ሲነግሩኝ ማንም አልሳቀም!

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። ሲስተም የለም። ማህተሙ የተቆለፈበት ሰው ፈቃድ ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲዬ ደብዳቤ ቁጥር አለው ግን ቀን የለውም ተብሎ ተመለሰ። እኔ በየቢሮው ስንከራተት ኢንዛይሙ መጋዘን ውስጥ ነበር። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ከ2 እስከ 8 ዲግሪ» ተጽፎበታል፤ ያነበበው የለም። በመጨረሻ ስረከበው የበረዶ ከረጢቶቹ ለብ ብለው ነበር። የካርቶኑ ታች ረጥቦ ተልጧል። ፈታሹ «ይኸው፣ አልተሰበረም» ብሎ አስፈረመኝ።

ላብ ገብቼ መጀመሪያ በንጹሕ ሲኒግሪን ሞከርኩት። በጭራሽ ጎመን ላይ እንዳትጀምሩ። አድሮ ግራፉ ላይ የወጣው ፒክ፣ የውህዱን መጠን የሚያሳየው ጫፍ፣ ከመስመሩ ብቅ ያለ ጉብታ ነገር ነው። ኢንዛይሙ ሞቷል። ገንዘቡም አብሮ ሞቷል። ካሣ? ማንን ነው የምጠይቀው?

ሥራውን የጨረስኩት ያለ ሰልፋቴዝ ነው። መመሪያው ምንም ይበል፣ ማስ ስፔክትሮሜትር፣ ሞለኪውልን በክብደቱ የሚለይ መሣሪያ፣ ያለበት ላብ የሚያስገባችሁ ካለ ሰልፌቱን ማንሳት ትርፍ ድካም ነው። ሲኒግሪንን እንዳለ በኔጌቲቭ ሞድ፣ ማለትም አሉታዊ ቻርጅ ይዞ ሲለካ፣ 358 ክብደት ላይ ታገኙታላችሁ። አማካሪዬ «የታወቀው ዘዴ ይሻላል» ብለው ተከራከሩኝ። የታወቀው ዘዴ መጋዘን ውስጥ ሞቷል አልኳቸው። ውጤቱን ካዩ በኋላ ዝም አሉ። በዚያ ዝምታ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

ሌላው መመሪያው የሚያሳስተው ነገር የውስጥ ስታንዳርድ ነው፤ ልኬቱን ለማስተካከል በታወቀ መጠን ናሙናው ላይ የሚጨመረው ውህድ ማለት ነው። ሲኒግሪንን ራሱን ጨምሩ የሚሉ ሰነዶች አሉ። እነሱ የተጻፉት ሲኒግሪን ለሌለበት የዘይት ሰብል ነው። ለእኛ ጎመን ግን ከንቱ ነው፤ የራሱ ሲኒግሪን ሞልቶታል። ግሉኮትሮፔኦሊን ተጠቀሙ። ፌጦ ውስጥ ዋናው ግሉኮሲኖሌት እሱ ስለሆነ፣ በአንድ ወፍጮ ፌጦም ጎመንም የምትፈጩ ከሆነ በደንብ እጠቡት።

ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀኝ ጎመን እንቅርት ያመጣል ወይ ነው። ስሙ በዚህ የሚነሳው በተለይ ፕሮጎይትሪን የሚባለው ሌላ ግሉኮሲኖሌት ነው፤ አዮዲን ያለው ጨው ለሚበላ ሰው የተለመደው የጎመን መጠን የሚያስፈራ አይደለም። ይልቅ ቀቅላችሁ ውሃውን ስትደፉ ግሉኮሲኖሌቱም አብሮ ይደፋል። እኔ አሁን በጥቂት ውሃ ነው የማበስለው። እናቴ መራራ ነው ትላለች፤ መራራ ነው፣ አልክድም።

የግድ ሰልፋቴዝ ካስፈለጋችሁ ደግሞ የእንስሳት ተዋጽኦ ፈቃዱ፣ ቀንና ማህተም ኖሮት፣ እጃችሁ ሳይገባ ለአቅራቢው ሳንቲም አትክፈሉ። «መጀመሪያ ዕቃው ይምጣ፣ ከዚያ እናያለን» የሚላችሁን ሰው አትስሙ። እኔን እንዲህ ያለኝ ሰው አሁንም እዚያው ወንበር ላይ ነው።