የውሻ ቤት ሲሞቅ ቁንጫም ይሞቀዋል

ክረምት ሲገባ አብዛኛው ሰው ለግቢ ውሻው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ አሮጌ ብርድ ልብስ ፈልጎ ጎጆው ውስጥ መጣል። ብርድ ልብሱ እዚያው እርጥበት እየጠጣ፣ ጭቃና ፀጉር እየሰበሰበ እስከ መስከረም ይቆያል። ከዚያ ውሻው ጅራቱ ሥር እየነከሰ ያካል፣ ወገቡ ላይ ፀጉሩ ይመለጣል፤ ባለቤቱ መድኃኒት ገዝቶ ይቀባዋል፣ ከሳምንት በኋላም ቁንጫው ተመልሶ ይታያል። «መድኃኒቱ ውሸት ነው» ይባላል። ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ የመኝታው ነው።

ብርድ ቁንጫን ይገድላል የሚባለው ለእኛ ደጋ አይሠራም። ቁንጫ ከእንቁላሉ ጀምሮ እንዲያልቅ ቅዝቃዜው ከ3 ዲግሪ በታች ሆኖ ለቀናት መቆየት አለበት። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቢቀዘቅዝም ቀን ፀሐይ መልሳ ታሞቀዋለች። ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ሲጥል እንኳ ውርጩ የሚያርፈው ሣሩ ላይ እንጂ ውሻ የተኛበት ጭድ ውስጥ አይደለም። የውሻ ገላ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው፤ የተጠቀለለበት ጉድጓድ ለቁንጫ የሞቀ ቤት ነው። ቁንጫን በእውነት የሚጎዳው ድርቀት ነው። የቁንጫ እጭ፣ ማለትም ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትንሽ ትል፣ የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ሲወርድ ይደርቃል። የሐምሌና የነሐሴ እርጥበት ደግሞ ይመቸዋል።

ውሻው ላይ የሚታየው ቁንጫ ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የቀረው እንቁላል፣ እጭና በሽፋኑ ውስጥ የተኛ ቁንጫ ሆኖ መኝታው ላይ ነው ያለው። አንዲት ሴት ቁንጫ በቀን ከ40 እስከ 50 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ እንደ ቅማል እንቁላል ፀጉር ላይ አይጣበቅም፤ ውሻው በተገላበጠ ቁጥር ይረግፋል። እጩ ከብርሃን ሸሽቶ ጭዱ ሥር ይገባና የትልቁን ቁንጫ ኩስ፣ ማለትም የደረቀ ደም፣ እየበላ ያድጋል። ከዚያ ራሱን በክር ጠቅልሎ ይተኛል። እዚያ ሽፋን ውስጥ መድኃኒት አይደርስበትም፤ ሙቀትና የእግር ንቅናቄ እስኪሰማው ወራት ሊጠብቅም ይችላል። ስለዚህ ለማሞቂያ የገባ ጨርቅም ጭድም በየሳምንቱ የሚታጠብ ወይም የሚጣል መሆን አለበት። ሰባት ቀን የተባለው እንቁላሉ ተፈልፍሎ፣ አድጎ ራሱን ሳይጠቀልል እንዲወጣ ነው።

ጎጆውን በዚህ ሐሳብ ሥሩት። ትልቅ ጎጆ ደግነት ይመስላል፣ ግን ብርድ ነው፤ ውሻው በራሱ ትንፋሽና ገላ ሊያሞቀው አይችልም። ለመካከለኛ የአበሻ ውሻ ርዝመቱ 90፣ ወርዱ 60፣ ከፍታው 65 ሴንቲሜትር ይበቃል። በሩ ወርዱ 35 ሆኖ መሃል ላይ ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ይሁን፤ ውሻው ከነፋሱ ዘወር ብሎ ይተኛል። ነፋስና ዝናብ ከሚመጣበት አቅጣጫም አዙሩት። በሩ ሥር 10 ሴንቲሜትር ጣውላ ብትመቱ ጭዱን ይይዛል፣ ፍንጣቂ ውኃንም ይከለክላል። ወለሉ ብሎኬት ላይ ተቀምጦ ከመሬት ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል። መሬት ላይ የተቀመጠ ጎጆ ስንት ጨርቅ ቢነጠፍበት ከታች ይረጥባል።

ጣሪያው ላይ ስህተቱ ይበዛል። ባዶ ቆርቆሮ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ የውሻው ትንፋሽ እዚያ ላይ ውኃ ይሆንና ንጋት ላይ ጠብ ጠብ እያለ ጀርባው ላይ ይወርዳል። ብዙዎች «ዝናብ ያስገባል» ብለው ቀዳዳ ሲፈልጉ ይውላሉ። መፍትሔው ከቆርቆሮው ሥር ሁለት ጣት ክፍተት ትቶ ኮምፔርሳቶ መምታት፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ ሁለት ትንንሽ የአየር ቀዳዳ መተው ነው። ጣሪያውን በማጠፊያ የሚከፈት አድርጉት። ፀሐይ በወጣ ቁጥር ከፍታችሁ ወለሉ ድረስ እንድትገባ ካላደረጋችሁ ማዕዘኑ ውስጥ ያለውን እጭ አታገኙትም።

ለመኝታ ከስፖንጅ የጤፍ ጭድ ይሻላል። ስፖንጅ ሽንትና ውኃ ይዞ አይለቅም፣ ቁንጫም ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ጭዱ ደረቅ ይሁን፤ አንድ ስንዝር ያህል ይነጠፍ፤ ሲረጥብ ወይም ሳምንት ሲሞላው ወጥቶ ይቃጠል። ብርድ ልብስ የምትጠቀሙ ከሆነ ሁለት ይኑራችሁ፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይነጠፋል። እጥበቱ 60 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ማሽን ከሌለ የፈላ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። ለውሻ ልብስ ማልበስ ለአሮጌና ለአጭር ፀጉር ውሻ ጥሩ ነው፣ ግን የረጠበ ልብስ ከምንም ይብሳል። ከሰል ያለበት ምድጃ ጎጆ ውስጥ አይገባም፣ ጭሱ ይገድላል። ለቡችላ ሃይላንድ ላይ ሙቅ ውኃ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገባቸው ማስቀመጥ በቂ ነው።

ቁንጫ መኖሩን ለማወቅ የቅማል ማበጠሪያ ያዙና ጅራቱ ሥርና ብሽሽቱ ላይ አበጥሩ። ጥርሱ ላይ የቀረውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ አራግፉት። አፈር ከሆነ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፤ የቁንጫ ኩስ ከሆነ ግን ዙሪያው ቀይ ቡናማ ሆኖ ይዘረጋል። ደም ነውና። ሰገራው ወይም ፊንጢጣው ላይ ሩዝ የመሰለ ነገር ካያችሁ ከቁንጫ የሚተላለፈው የኮሶ ትል ነው፤ ለእሱ የተለየ መድኃኒት አለው።

ማጠብ ካለባችሁ ፀሐይ ባለበት ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ለብ ባለ ውኃ። መጀመሪያ አንገቱን ዙሪያውን ሳሙና አድርጉ፤ አለዚያ ቁንጫው ወደ ጆሮና ዓይኑ ይሸሻል። አረፋው 10 ደቂቃ ይቆይና ታጥቦ፣ ውሻው በፎጣ እስኪደርቅ ይታሸት። ፊፕሮኒል የሚባለውን፣ ቆዳ ላይ የሚንጠባጠብ የቁንጫ መድኃኒት ከሆነ የምትጠቀሙት ከመቀባቱ ሁለት ቀን በፊትና ሁለት ቀን በኋላ አትጠቡት፤ መድኃኒቱ የሚሰራጨው በቆዳው ቅባት ላይ ነው። በትከሻዎቹ መሃል ፀጉሩን ከፍላችሁ ቆዳው ላይ አንጠባጥቡ፤ ፀጉር ላይ የፈሰሰ ብክነት ነው። የሚዋጡት፣ እንደ ኔክስጋርድና ብራቬክቶ ያሉት፣ በውሻው ክብደት ይለካሉ፤ ውሻው የሚጥል በሽታ ካለበት ለሐኪሙ ሳትነግሩ አትስጡ። የግቢው ውሻና ድመት ሁሉ በአንድ ቀን ይታከሙ፤ ለድመት ግን የድመት መድኃኒት ብቻ፣ ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመት ይገድላል። ሕክምናው ቢያንስ ሦስት ወር ይቀጥል፣ ከሽፋኑ የሚወጣው አያልቅምና።

ነጭ ጋዝ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ ማላታይን ውሻ ላይ መቀባት ይቁም። ቆዳውን ያቃጥላል፤ ውሻ ደግሞ ገላውን ይልሳል፣ የቀባችሁትን ይውጠዋል። ለከብት የሚረጨውን ዲያዚኖን በግምት ቀላቅሎ ማጠብም እንዲሁ ነው፤ ምራቅ ማዝረብረብና መንቀጥቀጥ ከታየ ወዲያው በብዙ ውኃ ታጥቦ ሐኪም ጋ ይሂድ።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ላላችሁ፣ ውጭ በረዶ ቢሆንም ማሞቂያ ባለበት ቤት ምንጣፍ ላይ ቁንጫ ይራባል። መኝታውንና ምንጣፉን በየጊዜው በቫኪዩም ምጠጡ፤ ከረጢቱንም ያኔውኑ አውጥታችሁ ጣሉ።

ብርድ ላይ ደጅ የሚያድር ውሻ ምግቡ ይጨመርለት። ከወጥ የተረፈ ግን አይሆንም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፣ በቁንጫ ደሙ ለተመጠጠ ውሻ ደግሞ ድርብ ጉዳት ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለውም ለሰው ነው፤ የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ሳንባና ጉበት ስትሰጡ በደንብ ቀቅሉት፣ ጥሬው የትል ቋት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከስምንት ሳምንት በታች ያለች ቡችላ ላይ መድኃኒት አትሞክሩ፤ በማበጠሪያና ለብ ባለ ውኃ ለቅማችሁ ወዲያው አድርቋት። ድዷን ገልጣችሁ እዩ፤ ሮዝ መሆኑ ቀርቶ ነጣ ብሎ ካገኛችሁት ነገ አትበሉ፣ በዚያው ቀን ውሰዷት።