የጋጋሪን ፎቶ ይውረድ ወይስ ይቆይ?

የምሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ቢንጎ አጫውታለሁ፣ ልደት አከብራለሁ፣ የምግብ አዳራሹ በር ላይ ያለውን ሰሌዳም በየሳምንቱ እቀይራለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ2022 ኤፕሪል ተራው የጠፈር ሆነ። ኤፕሪል 12 የሶቪየት ኅብረቱ ዩሪ ጋጋሪን በ1961 ከሰው ሁሉ ቀድሞ ጠፈር ወጥቶ፣ መሬትን አንዴ ዞሮ፣ በ108 ደቂቃ የተመለሰበት ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታትም በ2011 ዓለም አቀፍ መታሰቢያ አድርጎታል። ነጭ ሄልሜቱ ላይ በቀይ የሩሲያ ፊደላት የተጻፈበትን ያንን የታወቀ ፎቶ ሰቀልኩ።

ምሳ ሳይነሳ የአንዲት ነዋሪ ልጅ ለአለቃዬ ደወለች። "ዩክሬን በቦምብ እየነደደች እናንተ ሩሲያዊ ትሰቅላላችሁ?" ጦርነቱ ከጀመረ ገና ሁለት ወር አልሞላውም። አለቃዬ "አውርጂው፣ ነገር አልፈልግም" አለኝ። አልፈርድበትም። በዚያው ሰሞን ኮሎራዶ ያለው ስፔስ ፋውንዴሽን የተባለው የጠፈር ድርጅት እንኳ የጋጋሪንን ስም ከአንድ ዝግጅቱ ላይ አንስቶ ነበር።

ከማውረዴ በፊት ግን ወጥ ቤት ገባሁ። ዩክሬናዊት ባልደረባ አለችኝ። እናቷ እዚያው አገር ናት፤ ስልኳን ከእጇ አታወርድም። ቅር የሚለው ሰው ካለ እሷ ናት ብዬ ነው።

"ፎቶው ምንም አላለኝም" አለች ሽንኩርት እየላጠች። "ሮኬቱን የሠራው ኮሮሊዮቭ ግን ዢቶሚር ነው የተወለደው፣ እኛ አገር። እሱ የታለ?" እስክሪብቶዬን ተቀብላ ስሙን የሽንኩርቱ ካርቶን ላይ ጻፈችልኝ። ለካ የእሷ ቅሬታ ሌላ ነው።

አንድ የአየር ኃይል ጡረተኛ ደግሞ ወሬውን ሰምተው በዊልቸር መጡ። "ያን ቀን በንዴት ጨሰናል" አሉኝ። "ግን ቀደመን፤ ምን ይደረጋል? የእኛ የአሜሪካኖቹ ሼፓርድ ሜይ 5 ወጣ፣ 15 ደቂቃ፣ ያውም መሬትን ሳይዞር።" የአፖሎ 11 ሰዎች የጋጋሪንንና የሌላውን የሶቪየት ጠፈርተኛ የኮማሮቭን ሜዳሊያ ጨረቃ ላይ ትተው እንደመጡም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እውነት ነው፣ ኋላ አረጋገጥኩ።

ካርቶኑን ቀድጄ ለአለቃዬ አሳየሁት። ትንሽ አቅማማና ፈቀደ። ኮሮሊዮቭን ከነትውልድ ከተማው፣ ጋጋሪንን፣ ሼፓርድን ጎን ለጎን ሰቀልኩ፤ ማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን ብቻ ከሥር ጻፍኩ። ልጅቷ እሁድ መጥታ ቆማ አነበበች። "አሁንም ደስ አላለኝም" ብላ ወደ እናቷ ክፍል ገባች። መብቷ ነው። የዛሬዋ ሩሲያም በጋጋሪን ስም እንደምትኮራ ማን ይክዳል?

ከዚያ ወዲህ የሰሌዳውን ረቂቅ መጀመሪያ ለሚመለከተው ሰው አሳያለሁ። በ2024 የቻይናዋ ሰው አልባ መንኮራኩር ቻንግኧ 6 ከመሬት ከማይታየው የጨረቃ ጀርባ ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ አፈር ይዛ ስትመለስ፣ ከዚያኛው ወገን አፈር ያመጣ ሌላ ማንም ስለሌለ፣ ደስ ይላቸዋል ብዬ ረቂቁን ለጡረተኛው ወሰድኩላቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው "ይሄስ ይቅርብን" አሉ።

"ጋጋሪንን ይሰቀል ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"እሱማ ድሮ ነው" አሉና ወደ ቢንጎው ዞሩ። እኔም ሰቀልኩት።