የማኅበራችን መዋጮ ወዴት ይሄዳል?

ዛሬ ረፋዱን በግል የምንሠራ ተርጓሚዎች፣ ዲዛይነሮችና የቪዲዮ ባለሙያዎች ያቋቋምነው ማኅበር ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባካሄደው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተገኝቼ ነበር። አዳራሹ ከመሀል ከተማው ስለሚረክስ ኪራዩን አልነቅፍም (የታክሲው ሰልፍ ግን ያማርራል)።

በታደለን የሒሳብ ሪፖርት ላይ ዓይኔ ያረፈው፣ ከመስተንግዶና አርማችን ከታተመባቸው ቲሸርቶች ወጪ በታች «የሕግ ምክር አገልግሎት» ከሚለው መስመር ትይዩ በተሠመረችው ጭረት ላይ ነው፤ ለዚህ ጉዳይ በዓመቱ ምንም ገንዘብ አልወጣም ማለት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራን ሰው ስለማይመለከት፣ ሥራውን አስረክቦ ክፍያው «ነገ ዛሬ» የተባለበት ባለሙያ መብቱን የሚጠይቀው በውሉ መሠረት በፍትሐ ብሔር ክስ ነው። ለዚህም በወጉ የተዘጋጀ ውልና የሚያማክረው ጠበቃ ያስፈልገዋል፤ ብዙዎቻችን ደግሞ ይህን በግላችን አንችለውም። መዋጮ የምንከፍለው ለምን ሆነና?

ከሥራ አመራሩ አንዱ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ን ጠቅሰው፣ አስተዳደራዊ ወጪያችን ከ20 በመቶ እንደማይበልጥ አስረዱ። መልሱ አላረካኝም፤ ገደቡ የተደነገገው ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም ለተቋቋሙ ድርጅቶች እንጂ እንደኛ ለአባላቱ ጥቅም ለቆመ ማኅበር አይደለምና። የእኛን ወጪ የሚገድበው ጉባኤው ራሱ ነው።

መዋጮዬን ከፍዬ ወጥቻለሁ። የሚቀጥለው ዓመት የበጀት ረቂቅ ከመጽደቁ በፊት ለአባላት ይበተን የሚል ጥያቄም በጽሑፍ አስገብቻለሁ።