የአይጦቹን መኖ ሳታውቁ የሆርሞን ሙከራ አትጀምሩ

አኩሪ አተር ርካሽ ነው፣ ፕሮቲኑም ጥሩ ነው፣ እንደ ልብም ይገኛል። አብዛኛው የላብራቶሪ አይጥ መኖ ውስጥ የሚገባውም ለዚሁ ነው። ችግሩ፣ አኩሪ አተሩ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። ጄኒስቴይንና ዳይድዜይን የሚባሉ ውህዶችን ይዞ ይመጣል፤ መኖው አልፋልፋ የሚባለው የከብት መኖ ተክል ካለበት ደግሞ ኩሜስትሮል ይጨመራል። እነዚህ ፋይቶኤስትሮጅን ይባላሉ። ዕፅዋት ናቸው የሚሠሯቸው፣ እንስሳ ሰውነት ውስጥ ሲገቡ ግን የኤስትሮጅንን፣ ማለትም የሴቴ ሆርሞንን፣ ሥራ በመጠኑ ይሠራሉ።

እኔ የምሠራው አሜሪካ፣ አንድ የሥነ ተዋልዶ ምርምር ላብ ውስጥ ነው። ሥራዬ አንድ ኬሚካል እንደ ኤስትሮጅን ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን በእንስት አይጦች ላይ መፈተሽ ነው። እስቲ አስቡት፤ እኔ ኤስትሮጅን ፍለጋ ወጥቼ፣ አይጦቹ ጠዋት ማታ ኤስትሮጅን መሰል ነገር ሲበሉ ከዋሉ የምለካው የማንን ሥራ ነው?

ስለዚህ ሙከራውን ከመንደፌ በፊት የእንስሳት ቤት ሄጄ የመኖውን ከረጢት አነበብኩ። የተፈጨ ስንዴ፣ በቆሎ፣ የአኩሪ አተር ዱቄት፣ የአልፋልፋ ዱቄት ይላል። ስንት ስንት? አይልም። ብዙ አምራቾች ቀመራቸውን አይገልጡም፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ጠቅላላ ፕሮቲኑ እስካልተጓደለ ድረስ የእህሉን ድርሻ እንደ ገበያው ዋጋ ይቀያይራሉ። ቀመሩ ባይቀየር እንኳ የአኩሪ አተሩ ዝርያ፣ አፈሩና የዓመቱ ዝናብ የጄኒስቴይኑን መጠን ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። ከረጢቱ ላይ ያለው ስም ያው ነው፣ ውስጡ ያለው ግን ከባች ባች፣ ማለትም ከአንድ ዙር ምርት ወደ ሌላው፣ ይለያያል። ለዚህ ነው ዛሬ ከመኖው ስም ይልቅ የባች ቁጥሩን አጥብቄ የምጠይቀው።

«እነዚህ ነገሮች እኮ ደካማ ናቸው» የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ ይነሳል። እውነት ነው፣ ሰውነት ራሱ ከሚሠራው ዋነኛ ኤስትሮጅን፣ ከኤስትራዲዮል ጋር ሲተያዩ እጅግ ደካማ ናቸው። ብዛታቸውስ? አኩሪ አተር የበዛበት 1 ኪሎ መኖ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ሚሊግራም ሊገኝ ይችላል፤ አይጥ ደግሞ ከክብደቷ አንጻር ብዙ ትበላለች፣ ያውም በየቀኑ፣ ከእናቷ ማህፀን ጀምሮ። በዚያ ላይ የአይጥ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ዳይድዜይንን ኢኩኦል ወደሚባል የበለጠ ኃይል ወዳለው ውህድ ይቀይሩታል። ሰው ዘንድ ይህ የሚሆነው በከፊሉ ላይ ብቻ ነው፣ አይጦች ግን ዋነኛ የኢኩኦል አምራቾች ናቸው።

ነገሩ የላብ ወግ ብቻ አለመሆኑን ለማየት ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ በጎች መሄድ ይበቃል። በ1940ዎቹ እዚያ የሚረቡ በጎች መውለድ እያቃታቸው፣ ማህፀናቸው እየወጣ፣ ግልገል ሲወለድ እየሞተ ገበሬው ተቸግሮ ነበር። በ1946 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት ምክንያቱ የሚግጡት የክሎቨር ሣር መሆኑ ተገለጠ። ከጊዜ በኋላ እንደታወቀው ሣሩ ውስጥ ያለው ፎርሞኖኔቲን በበጎቹ ሆድ ወደዚያው ወደ ኢኩኦል ይቀየራል። ሙሉ መንጋን ያመከነ ነገር የአይጥ ሙከራ አያዛባም ብሎ መገመት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ወደ ሥራው ልመለስ። የመረጥኩት ኤአይኤን-93ጂ የሚባለውን የተጣራ መኖ፣ ማለትም እህሉ እንዳለ ሳይሆን ንጥረ ነገሮቹ ተለይተው የሚቀላቀሉበትን፣ ነው። ፕሮቲኑ ከወተት ከሚገኘው ካዜይን ነው። ዘይቱ የአኩሪ አተር መሆኑን ሲያዩ የሚደነግጡ አሉ፤ አያስደነግጥም፣ እነዚህ ውህዶች ዘይቱ ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል፣ ከፕሮቲኑ ጋር ነው የሚቀሩት። ዋጋው ግን ከተራው መኖ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ በጀት ስታወጡ አስቀድማችሁ አስቡበት።

መኖውን የቀየርኩት ለሙከራ አይጦቹ ብቻ አልነበረም። እናቶቻቸውም ከማርገዛቸው በፊት ጀምሮ ያንኑ እንዲበሉ አደረግኩ፣ ምክንያቱም ፋይቶኤስትሮጅን በእንግዴ ልጅም በወተትም ወደ ልጆቹ ይደርሳል። ከየባቹ ናሙና ወስጄ ቀን ጽፌበት ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥኩ፤ ከፊሉን ለኬሚካል ትንተና ላክሁ። የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የማህፀን ክብደት ሙከራ መመሪያ በ1 ግራም መኖ ውስጥ ያለው ፋይቶኤስትሮጅን፣ ወደ ጄኒስቴይን ተመንዝሮ ሲሰላ፣ ከ350 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይላል። ያለ ትንተና ይህን ማሟላታችሁን በምን ታውቃላችሁ? ቤቶቻቸውንም አየሁ። ፖሊካርቦኔት ፕላስቲክ ሲያረጅ ቢስፌኖል ኤ የሚባል ኤስትሮጅን መሰል ኬሚካል ያወጣል፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ምንጣፍም የእንስት አይጦችን ዑደት እንደሚያዛባ ተጽፏል። ሁለቱንም ቀየርን፣ የውሃ ጠርሙሱም የመስታወት ሆነ።

ሙከራው ራሱ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ኤስትሮጅን የማህፀንን ክብደት ስለሚጨምር የሚለካው እሱ ነው። ለአቅመ ሔዋን ያልደረሱ እንስት አይጦች ለ3 ተከታታይ ቀን ኬሚካሉ ይሰጣቸዋል፤ ከመጨረሻው 24 ሰዓት ገደማ በኋላ ማህፀናቸው ወጥቶ ይመዘናል። ሥራው ያለው እጅ ላይ ነው። ማህፀኑ ቀጭን፣ ሁለት ቀንድ ያለው ነገር ነው። ዙሪያውን ያለውን ስብ በትንሽ መቀስ፣ ግድግዳውን ሳትበሱ፣ ታነሳላችሁ። ዘግየት ካላችሁ ይደርቅና ክብደቱ ይሸሻል። መጀመሪያ ከነፈሳሹ ይመዘናል። ከዚያ ቀንዶቹ ይበሳሉ፣ በረጠበ የማጣሪያ ወረቀት ላይ በቀስታ ይጫናሉ፣ ፈሳሹ ሲወጣ እንደገና ሚዛን ላይ ይወጣሉ። የምንነጋገረው ስለ ሚሊግራም ነው፤ መኖው የሚጨምራት ትንሽ ክብደት ሁሉ እዚህ ላይ ትታያለች።

ጎን ለጎን በተራው መኖ ያደጉ አይጦችንም አስገብተን ነበር። ምንም ኬሚካል ያልወሰዱት የኮንትሮል አይጦች ማህፀን በተራው መኖ ከበድ ብሎ ተገኘ። ኤስትራዲዮል የወሰዱት ላይ ልዩነቱ በሁለቱም መኖ ጎልቶ ታየ። ደካማው ኬሚካላችን ግን በተጣራው መኖ ግልጽ ውጤት ሰጥቶ፣ በተራው መኖ የውሃ ሽታ ሆነ። አንድ ባልደረባዬ «ሁሉም ቡድን ያንኑ መኖ ስለሚበላ ተፅዕኖው ይጣፋል» ይል ነበር። አይጣፋም። መነሻው ከፍ ሲል ለጭማሪው ቦታ ይጠባል፤ ሰርግ ቤት ተቀምጦ ሹክሹክታ ለመስማት እንደመሞከር ነው። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ እንዲህ ያለ ሙከራ «ኬሚካሉ ጉዳት የለውም» ተብሎ ይታተምና ሰው ያምነዋል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። በተራውና በተጣራው መኖ መካከል ያየነውን ልዩነት በሙሉ በፋይቶኤስትሮጅን ላይ መለጠፍ አይቻልም። አሰሩም፣ ስኳሩም፣ ማዕድኑም ይለያያል። ጥያቄያችሁ ስለ ጄኒስቴይን ከሆነ የተጣራውን መኖ ለሁለት ከፍላችሁ በአንዱ ላይ የታወቀ መጠን ጨምሩ። ሌላ መንገድ የለውም።

ዜሮ ማድረግም ንጹሕ መነሻ ነው ማለት አይደለም። ሲዲ-1 በሚባሉት ትንንሽ አይጦች ላይ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ፣ ፋይቶኤስትሮጅኑ ያነሰ መኖ የበሉ እናቶች ፅንሶች ደም ውስጥ ኤስትራዲዮል ከፍ ብሎ፣ ልጆቹም ሲያድጉ ወፍረው መገኘታቸውን አሳይቷል። በተቃራኒው በ2006 እ.ኤ.አ. አጉቲ የሚባሉ ነፍሰ ጡር ትንንሽ አይጦች በ1 ኪሎ መኖ 250 ሚሊግራም ጄኒስቴይን ሲሰጣቸው የልጆቻቸው ፀጉር ከቢጫ ወደ ቡናማ አደላ፣ ውፍረታቸውም ቀነሰ። የእኔ ምርጫ ዝቅ ያለ፣ የማይለዋወጥና የተለካ መኖ ነው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ማግኘት ከቻልኩ የተለካውን እመርጣለሁ።

በቅርቡ አዲስ አበባ ያለች አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ደወለችልኝ። ለወሊድ መከላከያ የሚታዘዙ የባህል መድኃኒት ዕፅዋትን በአይጥ ላይ ልትፈትሽ ነው። የተጣራ መኖ ማስመጣት አቅሟ አይፈቅድም፤ መኖዋ በቆሎ፣ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎና አኩሪ አተር የተቀላቀለበት ነው። የመለስኩላት ይህን ነው። አቀነባባሪውን የአኩሪ አተሩን ድርሻ ጠይቂው፣ ቢቻል ላንቺ ቀንሶ ይሥራልሽ። ለሙሉ ሙከራው የሚበቃሽን ከአንድ ባች በአንድ ጊዜ ግዢ፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጪው፤ የሻገተ በቆሎ ዘራሌኖን የሚባል ሌላ ኤስትሮጅን መሰል መርዝ ያመጣል። ኤስትራዲዮል የሚወስድ አንድ ቡድን ይኑርሽ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ምንም ያልወሰዱትን አይጦች ማህፀን መዝኚ፤ ኦቫሪያቸው ባልወጣ ሕፃናት አይጦች ላይ ፈሳሹ ከወጣ በኋላ ከሰውነታቸው ክብደት ከ0.09 በመቶ ካለፈ ዕፅዋቱን ለመፈተሽ አትቸኩዪ፣ መጀመሪያ መኖውን ቀይሪ።