ሶላር የለበሰ ባጃጅ

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ቤንዚን ሰልፍ ላይ፣ ሞተር ላለማስነሳት ባጃጁን እየገፋ የሚጠጋ ሹፌር "ጋሼ፣ ጣሪያውን ሶላር ባለብሰው ከዚህ ሰልፍ አልገላገልም?" አለኝ።

ጣሪያውን በስንዝር ለካው። ቢበዛ 2 ካሬ ሜትር። ጥርት ባለ ቀትር በካሬ ሜትር 1000 ዋት ገደማ ፀሐይ ይወርዳል፤ ደህና ፓኔል ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው 20 በመቶውን ያህል ነው። ለ2 ካሬ ሜትሩ ሲሰላ 400 ዋት። ሦስት ሰው ጭኖ ዳገት ለመውጣት ግን ኪሎዋቶች፣ ማለትም በሺህ የሚቆጠር ዋት፣ ያስፈልጋሉ። (የጎጃምን ሐምሌማ ተዉት!)

"ቆሞ ሲውልስ?" አለ። ይቺ ጥያቄ ያዘችኝ። ለ5 ሰዓት ያህል ደህና ፀሐይ ካገኘ 2 ኪሎዋት ሰዓት ያጠራቅማል፤ ቀለል ያለች የኤሌክትሪክ ባጃጅ በዚያ ሜዳ ላይ 20 ኪሎ ሜትር አታጣም። ኪስ የሚያራቁተው ፓኔሉ ሳይሆን ባትሪው ነው።

"እንግዲያው ባትሪ በዱቤ የሚሰጥ ካለ ይጠቁሙኝ" አለ። የምታውቁ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉለት።