ተራ ቁጥር 7

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። በዚህ ሰዓት የሚደውል ሰው ወይ ሊያረዳ ነው ወይ አሜሪካ ነው የሚኖረው። እትዬ ሚሚ ናት፣ የአባቴ እህት፣ ከዋሽንግተን ዲሲ።

«የኔ ጌታ፣ ተኝተህ ነበር እንዴ?»

«ኧረ አልተኛሁም።» (ውሸት።)

«ፍቺዬ ጠፋብኝ።»

ተነስቼ ተቀመጥኩ። ትዳሩ የጠፋበት ሰው አውቃለሁ። ፍቺው የጠፋበት ሰው ግን ሲያጋጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ሚሚ የአሜሪካ ዜጋ ናት። እዚያው ሌላ ሰው አግብታ አሁን የባሏን ወረቀት ልታስጨርስለት ነው። ኢሚግሬሽኑ ደግሞ «የድሮው ትዳርሽ መፍረሱን በማስረጃ አሳዪ» ይላል። ውሳኔዋን ስንት ቤት ስትቀይር የት እንደጣለችው አታውቅም። «አንተ እዚያው አይደለህ? ሄደህ ግልባጩን ማውጣት ነው፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው» አለችኝ። ቀላል ነገር መሰለኝ። እሺ አልኳት።

መጀመሪያ ወረዳ ሄድኩ። ወሳኝ ኩነት የልደቱንም የጋብቻውንም የፍቺውንም ምስክር ወረቀት ስለሚሰጥ እዚያው የምጨርስ መስሎኝ ነበር። «የፍቺ ምስክር ወረቀት የምንሰጠው የፍርድ ቤት ውሳኔ ይዘህ ስትመጣ ነው» አሉኝ። ለካ ትዳር የሚያፈርሰው ፍርድ ቤት ነው፤ ወረዳው የፈረሰውን ይመዘግባል እንጂ። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከመውጣቱ በፊት የቤተ ዘመድ ዳኞችም ያፋቱ ነበር አሉ። እትዬ ሚሚ በዚያ ዘመን ተፋትታ ቢሆን ኖሮ ወረቀቷን ከየትኛው ሽማግሌ ሳጥን ውስጥ እፈልግ እንደነበር እሱ ይወቀው።

ፍርድ ቤት ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ነገ ተነገ ወዲያ ጉዳይ ሊኖረኝ ይችላል። መዝገብ ቤት መስኮቱ ላይ መነጽር ያደረጉ፣ ትከሻቸው ላይ ነጠላ ጣል ያደረጉ እናት አሉ።

«የባለጉዳይ ስም?»

«ሚሚ።»

በመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ልጄ፣ ሚሚ ተብሎ የከሰሰም የተከሰሰም ሰው እዚህ የለም።»

ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ሳቀ። አንዷ «የኔም እህት ሚሚ ናት» ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሚሚ ስላት የኖርኳት ሴትዮ ሌላ ስም ሊኖራት እንደሚችል አስቤው አላውቅም።

«አንተስ ምኗ ነህ?»

«የወንድሟ ልጅ ነኝ።»

«የወንድም ልጅ ባለጉዳይ አይደለም። ውክልና አምጣ።»

ይኼን እንኳ አልተቀየምኩም። የሰው ትዳር ገመና ነው፤ የወንድም ልጅ ነኝ ያለ ሁሉ ገብቶ ሊያገላብጠው አይገባም።

ውክልናው ኤምባሲ ተፈርሞ በሰው መጣ። በስኒከር ጫማ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ከሁለት ጠርሙስ ቪታሚን ጋር። ገልጬ ሳነበው «እኔ ወይዘሮ እገሊት» ይላል፤ የማላውቃት ሴት ናት። የሰው ዕቃ በስህተት የደረሰኝ መስሎኝ ለአባቴ አሳየሁት። «የእህቴ ስም ነዋ!» ብሎ ተቆጣኝ። (ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ብጽፈው ትገድለኛለች።) ወረቀቱን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ሰነዶች ማረጋገጫ አስመትቼ፣ ሁለት ሳምንት የሥራ ፈቃዴን ጨርሼ፣ ደረቴን ነፍቼ ወደ መስኮቱ ተመለስኩ።

«አሁን ስም አለህ» አሉኝ እናት። «ዘመኑስ?»

እትዬ ሚሚ ነግራኛለች። «ጥቅምት 2005።»

ትልቁን የመዝገብ ደብተር አወጡ። ጣታቸውን ምራቅ እያስነኩ ገጹን ሲገልጡ እኔ መስኮቱ ላይ አንገቴን ሰግጌ አብሬ እፈልጋለሁ። ድንገት ጣታቸው ቆመ። ስሟ ከነአባቷ አለ።

«የአያት ስም?»

ላብ አጠመቀኝ። አባቴ ሰባት ቤት ቁጠር ሲለኝ ስልክ እየነካካሁ ነበር። የእሷ አያት የእኔ ቅድመ አያት ነው፤ ስሙን ግን አላውቀውም። እናት አዘኑልኝ። ማኅደሩን አስመጡና ወደ እኔ ሳያዞሩ አዩት።

«አክስትህ ስንት ልጅ አላት?»

«ልጅ የላትም።»

«እዚህ አራት አላት።»

እግሬ ከዳኝ። አራት! የት ደብቃቸው ነው? ሳላስብ ደወልኩላት። እኛ ጋ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ እሷ ጋ እኩለ ሌሊት አልፏል።

«እትዬ ሚሚ፣ አራት ልጅ አለሽ እንዴ?»

ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር መሰለኝ፣ ከበስተጀርባ የወንድ ድምፅ «ምን? ስንት?» ሲል ሰማሁ። ወረቀቱን ልናስጨርስለት የምንደክምለት አዲሱ ባል ነው። ቀጥሎ የተባባሉትን አልደግመውም። ለሩብ ሰዓት ያህል የእኔ ጥያቄ ሁለተኛ ፍቺ ሊያስመዘግብ ነበር።

ሲረጋጉ «የት ነው የምትፈልገው?» አለችኝ።

«2005 ላይ፤ አንቺ ያልሽኝ ላይ።»

«አንተ ደንቆሮ! በፈረንጅ ነው እኮ ያልኩህ!»

አሜሪካ ስትቆይ ዕድሜዋም ሠርጓም ፍቺዋም ፎርም ላይ እንደምትሞላው በፈረንጅ ሆነውባታል። ኦክቶበር 2005 ማለት የእኛ ጥቅምት 1998 ነው። እኔ ሰባት ዓመት አልፌ ሄጄ የሰው ትዳር ውስጥ ገብቻለሁ። የአራቱን ልጆች እናት፣ የትም ይሁኑ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የ1998 ደብተር ወረደ። አቧራው ሦስቴ አስነጠሰኝ። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ። ስሟ የለም። እናት ደብተሩን ዘጉና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ተካሰው ነው የተፋቱት ወይስ በስምምነት?»

«በስምምነት መሰለኝ።»

«እንግዲያው የመዝገብ ቁጥሩን አምጣ፤ በእሱ ስም ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው አመልካች ስም ነው የሚገባው።»

እሱ ማለት የድሮው ባሏ ነው። እትዬ ሚሚ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ሌሊት አስጠንቅቃኛለች፦ «እሱ ዘንድ እንዳትሄድ። ሞቼ ነው ቆሜ!»

ሄድኩ። ሳሪስ ነው ቤታቸው። ልጅ ሳለሁ ከረሜላ የሚገዙልኝ ጋሼ ሸምግለዋል፤ ግን ወዲያው አወቁኝ። ቡና ተፈላ። ጉዳዬን ስነግራቸው ምንም ሳይሉ ተነስተው ከአልጋ ሥር ሳምሶናይት አወጡ። ከፈቱት። በላዩ ላይ፣ ከባንክ ደብተራቸውና ከጡረታ ወረቀታቸው በላይ፣ የፍቺ ውሳኔው ተቀምጧል። ላሚኔት ተደርጓል።

«ጋሼ፣ ይኼን ላሚኔት ያስደረጉት ለምንድን ነው?»

«እንዳይበላሽ ነዋ።»

ሰው ዲግሪውን ላሚኔት ያስደርጋል፣ የልጁን የጥምቀት ካርድ ያስደርጋል። ፍቺውን እንዲህ የተንከባከበ ግን አላየሁም። ዋናውን አልሰጥም አሉ፤ ብሰጥህ ያቺ ሴትዮ አትመልስልኝም። ቁጥሩን የሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ጻፉልኝ። በር ላይ ስንሰነባበት ትከሻዬን ያዝ አደረጉና «ስታገኘው የንብረቱን ዝርዝር እይ። ተራ ቁጥር 7። ከዚያ እደውልልሃለሁ» አሉኝ።

ቁጥሩ ሲኖር ነገሩ ሌላ ነው። በደብተር ሁለት ቀን የፈለግነውን ማኅደር አንድ ወጣት ከመደርደሪያው ጎትቶ ለማምጣት ሻይ የሚጠጣበትን ያህል እንኳ አልፈጀበትም። ማመልከቻ ጻፍኩ፣ ገጹ ተቆጥሮ ገንዘብ ያዥ ጋ ከፈልኩ፣ ደረሰኙን አስያዝኩ። በመጨረሻም የቢጫ ማኅደሩ ሲባጎ ተፈታ።

ዳኛው መጀመሪያ የማሰላሰያ ጊዜ ሰጥተዋቸው ነበር። ሕጉ እስከ ሦስት ወር ድረስ ይፈቅዳል፤ ጋሼና እትዬ ሚሚ አሰላስለው ሲመጡ የባሰባቸው ይመስላል። ምክንያት፦ የባሕርይ አለመጣጣም። ውሳኔ፦ ጋብቻው ፈርሷል፣ የንብረት ስምምነቱ ጸድቋል። በመጨረሻ፦ «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ።»

እናት «ትክክለኛ ግልባጭ» የሚለውን ማኅተም ሲመቱ እኔ የንብረቱን ዝርዝር እያየሁ ነው። አንድ ቡፌ፣ ለሚስት። ሁለት የስፖንጅ ፍራሽ፣ አንድ አንድ። ጀበና ከነረከቦቱ፣ ለሚስት። ከዚያ ተራ ቁጥር 7።

«ባለ 21 ኢንች ባለቀለም ቴሌቪዥን፣ ለባል።»

ያን ቴሌቪዥን አውቀዋለሁ። የአውሮፓ ዋንጫ ያየሁበት፣ ለማትሪክ ሳጠና እናቴ የደበቀችብኝ፣ ዛሬም ሳሎናችን ጥግ ዳንቴል ለብሶ ጠፍጣፋውን ቴሌቪዥን የተሸከመው ነው። ማታ አባቴን ጠየቅኩት።

«ይኼ የማን ነው?»

«የሚሚ ነው። ለሁለት ሳምንት ብላ አስቀምጣው ነው አሜሪካ የሄደችው።»

ጠበቃ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ፍርድን ለማስፈጸም 10 ዓመት ነው፣ ከዚያ በይርጋ ይታገዳል አለኝ። ደስ አለኝ፤ ግን ደስታዬ አላማረኝም። ስንት ዘመን በሰው ዕቃ ኳስ አይተናል።

ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ጋሼ ናቸው።

«አነበብከው?»

«አነበብኩት ጋሼ።»

«አለ?»

«አለ።»

ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ሪሞቱስ?»