አራት እግር ካናቢስ እና አንዲት ትል

ሴፕቴምበር 2022 አንድ ጠዋት ቡናዬን ይዤ ጓሮ ወጣሁና ከትልቁ አበባ መሀል አንዲት ትንሽ ቅጠል ቡኒ ሆና አየሁ። አንዲት ብቻ ናት። ሳብ ሳደርጋት ምንም ሳትታገል ጣቴ ላይ ቀረች፣ ያኔ ነው ሆዴ ቦጭ ያለው። አበባውን ከፈት አድርጌ ሳየው ውስጡ ጥቁር አዝሙድ የተበተነበት ይመስላል፣ የትል ኩስ ነው፣ ዙሪያውን ደሞ ግራጫ ሻጋታ ወሮታል፣ የተረሳ እንጀራ ላይ እንደሚወጣው አይነት። ትሏ ራሷ ከታች ጥቅልል ብላ ተኝታለች፣ ጠግባ ወፍራ አረንጓዴ ሆና፣ ምንም ሳታፍር። በሳምንቱ ከአራቱ እግር ሁለቱን ከነአበባቸው በጥቁር ፌስታል ቋጥሬ ጣልኩ።

ወደ ትሏ ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ልበል፣ አለዛ ኢንቦክሴ ይሞላል። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ እዚህ ከጁላይ 1 2021 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው ሰው በሚኖርበት ቤት እስከ አራት እግር ማብቀል ይችላል። አራት በቤት ነው እንጂ በሰው አደለም፣ ከመንገድ መታየት የለበትም፣ ልጆች እንዳይደርሱበት መጠንቀቅ አለባችሁ፣ እያንዳንዱ እግር ላይ ስማችሁና የመንጃ ፈቃድ ቁጥራችሁ ያለበት ታግ ይንጠለጠላል፣ መሸጥ የለም። ግሪን ካርድ ላይ ያላችሁ ደሞ ይሄን ፖስት አንብባችሁ ጎመናችሁ ላይ ተጠቀሙበት እንጂ ካናቢሱን እርሱት፣ ምክንያቱም በፌደራል ሕግ አሁንም ክልክል ነው፣ ኢሚግሬሽን የሚሄደው ደሞ በፌደራሉ ነው፣ የኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት ዩኤስሲአይኤስ ኤፕሪል 2019 ላይ ስቴቱ ቢፈቅድም እንኳን ከማሪዋና ጋር የተያያዘ ነገር ዜግነት ሊያስከለክል እንደሚችል በመመሪያ አውጥቷል። ሀገር ቤት ያላችሁማ ታውቁታላችሁ፣ ወንጀል ነው።

እሺ። እኔ እዚህ ከመምጣቴ በፊት ዝዋይ አበባ እርሻ ውስጥ ስካውት ሆኜ ሰርቻለሁ። ስካውት ማለት ጠዋት ግሪንሃውስ ገብቶ ቤድ በቤድ እየሄደ ቅጠል እየገለበጠ በአጉሊ መነጽር የሚያይ ሰው ነው፣ ስራው ማየት ነው በቃ፣ አይቶ ወረቀት ላይ ምልክት ማድረግ። የጽጌረዳ ጠላት ስፓይደር ማይት ነው፣ ደቃቅ የሸረሪት ዘመድ፣ ከቅጠሉ ሥር ሆኖ ሲመጥ ከላይ በመርፌ የተነቀሰ የሚመስል ቢጫ ነጠብጣብ ይወጣል፣ እኛ ደሞ እሱን የሚበላ ሌላ ማይት፣ ፋይቶሴዩለስ የሚባለውን፣ በጠርሙስ መጥቶልን እንደ በርበሬ ቅጠሉ ላይ እንነሰንስ ነበር። መለየቱ ቀላል ነው፣ ጠላትየው ጀርባው ላይ ሁለት ጥቁር ነጥብ አለው ቀስ እያለ ነው ሚሄደው፣ ወዳጅየው ብርቱካናማ ነው ይሮጣል። ይሄን ሁሉ እያወቅኩ ነው እንግዲህ የራሴን አራት እግር ትል የበላብኝ። ለምን? ቅጠል ነበራ ማየው! አበባ ውስጥ ማየት ትዝ አላለኝም።

ስለ ማይቱ ብዙ አልልም። ጁላይ ላይ ሲሞቅና ሲደርቅ ይመጣል፣ በውሃ ጎማ ከቅጠሉ ሥር ወደ ላይ በኃይል መምታት፣ በሁለት ሶስት ቀን መድገም፣ ካልሄደ ካሊፎርኒከስ የሚባለውን አዳኝ ማይት ማዘዝ። ዝዋይ የነበረን ፋይቶሴዩለስ ደረቅ ሙቀት አይወድም፣ የሚበላው ሲያልቅበትም ያልቃል፣ ይሄኛው ይችላል። ሌዲበግ፣ ተባይ የምትበላዋን ቀይ ጥንዚዛ፣ በከረጢት ገዝታችሁ ጓሮ የምትለቁ ሰዎች ግን ገንዘባችሁ ነው፣ እኔ 1,500 ለቅቄ በማግስቱ ጠዋት አስራ አንድ ቆጠርኩ፣ የቀሩት የጎረቤት ጓሮ ሄደዋል መሰለኝ።

2023 ላይ እማዬ ለሶስት ወር መጣች። አድአ ነው ያደገችው፣ ሽምብራና ጤፍ ውስጥ፣ ጓሮ በገባች በመጀመሪያው ቀን ቀጥ ብላ ወደ አራቱ እግር ሄደች።

«አንተ፣ ይሄ ጌሾ ነው እንዴ?»

«ጌሾ አደለም እማዬ፣ የጉልበት መድኃኒት ነው።» ውሸት አደለም፣ ማታ ማታ ጉልበቴን ሲያመኝ ነው ምጠቀመው።

«እና ክሽክሽ ወረሰው እኮ፣ አታይም?» ቅጠሉን ገልብጣ አሳየችኝ። እውነቷን ነው፣ አፊድ ነው፣ እሷ ክሽክሽ ነው ምትለው። ጉንዳኖቹ ግንዱ ላይ ወጣ ገባ ይላሉ፣ የክሽክሹን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚፈልጉት እንደ ላም ነው ሚጠብቁት፣ ሊበላው የሚመጣውን ነፍሳት ያባርራሉ። «አመድ በትንበት» አለችኝ። ጎመኑ ላይ በተንን፣ የባርቤኪው አመድ ነው ግን የእንጨት ብቻ፣ ሰርቷል። ካናቢሱ ላይ ግን እምቢ አልኩ፣ ጎመን ታጥቦ ይበላል፣ ይሄ አበባ ግን ሙጫ ነው፣ ያረፈበት ነገር ሁሉ እዛው ይቀራል፣ ማንም አያጥበውም። ስለዚ ግንዱ ላይ የሚያጣብቅ ቴፕ ጠመጠምኩ ጉንዳኑ እንዳይወጣ፣ ከዛ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ካስቲል ሳሙና፣ ከአትክልት ዘይት የሚሰራውን፣ የእቃ ማጠቢያውን አደለም እሱ ቅጠል ያቃጥላል፣ ፀሐይ ከገባ በኋላ ከቅጠሉ ሥር ረጨሁ። ሳሙናው የሚገለው የነካውን ብቻ ነው፣ ያልነካውን አይገልም፣ ስለዚ በሶስት ቀን ልዩነት ሶስት ጊዜ። ኒምም አለ፣ ድሬዳዋ የኖረ ዛፉን በጥላው ያውቀዋል፣ ከፍሬው የሚወጣው ዘይት ጥሩ ነው ግን አበባ ከመጀመሩ በፊት ብቻ፣ አበባ ላይ የረጨ ሰው ክረምቱን ሙሉ ያንን ሽታ ሲያጨስ ይከርማል።

ማጨሱን ካነሳን፣ ብዙ ሰው «ለጽጌረዳ ለወይን የሚረጨው ምን አለበት» ይላል። ማይክሎቡታኒል የሚባል የሻጋታ መድኃኒት አለ፣ ወይን ላይ ተፈቅዶ ይረጫል፣ ሲቃጠል ግን ሳያናይድ ጋዝ ይወጣዋል። ወይን ማንም አያጨስም እኮ። እኔ ኦርጋኒክ ምናምን ብዬ ለፋሽን አደለም የምለፋው።

ወደ ትሏ። እዚህ ኮርን ኢርዎርም ይሏታል፣ የበቆሎ ትል ናት። እማዬ ፎቶውን ሳሳያት «ጓይ ናት፣ የሽምብራ ጓይ» አለች፣ እኔ ሳቅኩ፣ በኋላ ሳነብ ግን ሽምብራችንን ቀዳዳ አድርጋ የምትበላው ጓይ ትልና የአሜሪካዋ የአንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ሁለቱም ሄሊኮቨርፓ፣ የአክስት ልጆች በሉት። እዚህ ኦገስት ላይ የእርሻው በቆሎ ሲደርቅ የእሳት ራቷ ሌላ ለምለም ነገር ፍለጋ ማታ ማታ ትወጣለች፣ የኛ ካናቢስ ደሞ ቀኑ ሲያጥር አበባ የሚጀምረው ልክ ያኔ ነው። እንቁላሏን አንድ በአንድ ነው ምትጥለው፣ የአሸዋ ቅንጣት ታክላለች። የተፈለፈለችው ትል በቀጥታ አበባው ውስጥ ትገባለች፣ በልታ ያደማችውና ኩሷን የጣለችበት ቦታ በኛ እርጥበት ወዲያው ቦትራይቲስ፣ ያ ግራጫ ሻጋታ፣ ይይዘዋል። አበባውን የጨረሰው ሻጋታው ነው፣ በሩን የከፈተችው ግን እሷ ናት።

መድኃኒቷ ቢቲ ነው፣ የአፈር ባክቴሪያ፣ ጃፓኖች በ1901 የሐር ትል ሲያልቅባቸው ያገኙት፣ ስሙን ደሞ ጀርመን ቱሪንጂያ ከሚባለው ቦታ ያገኘ። ከርስታኪ የሚለውን አይነት ነው የምትፈልጉት። ትሏ ቅጠሉን ስትበላ አብራ ትውጠዋለች፣ ሆዷ ውስጥ ያለው አልካሊ መርዙን ይፈታዋል፣ በሰዓታት ውስጥ መብላት ታቆማለች፣ በሁለት ሶስት ቀን ትሞታለች፣ ንብን አይነካም። ችግሩ ካልበላችው አይሰራም፣ አበባ ውስጥ ከገባች በኋላ ከውጪ ብትረጩ ቤቷ ውስጥ ሆና ትስቅባችኋለች፣ ስለዚ 2022 ላይ ትሏን ካየሁ በኋላ ገዝቼ የረጨሁት በሙሉ ከንቱ ድካም ነበር። አሁን ኦገስት መጀመሪያ የአበባው ነጫጭ ፀጉሮች ብቅ ሲሉ እጀምራለሁ፣ በየሳምንቱ፣ ማታ፣ ፀሐይ ስለሚያጠፋው፣ ዝናብ ከመታው ደግሜ። መጠኑ ጠርሙሱ ላይ አለ። አበባው ሲጠብቅና ሙጫ ሲይዝ አቆማለሁ።

ከዛ በኋላ ምን? እዚህ ላይ ነው የእህቴ ልጅ ሰርግ የጠቀመኝ። ለእንግዳ ቸኮሌት የተሰጠባቸው የኦርጋንዛ ከረጢቶች አንድ ካርቶን ተርፈው ጋራዥ ውስጥ ተቀምጠው ነበር፣ ነጭ፣ ገመድ ያላቸው፣ «እንኳን ደስ አላችሁ» የተጻፈባቸው። ትልልቆቹን መርጬ እያንዳንዱን አበባ አለበስኩት። አየር ያስገባል፣ የእሳት ራቷ ግን እግሯን እንኳን አታሳርፍም። ጓሮው ቅልቅል የተደረገበት መሰለ፣ እማዬ አይታ «የጉልበት መድኃኒቱን ዳርከው?» ብላ ሳቋን ለቀቀችው። ከዛ ቀን ጀምሮ በስልክ ስትጠይቀኝ ጌሾው አትልም፣ ሙሽሮቹ ነው ምትላቸው።

በዛው ዓመት ኦክቶበር ላይ ቆርጬ ሳወልቃቸው ሰላሳ አራት ከረጢት ነበር። ሰላሳ ሶስቱ ንጹህ። በአንዱ ውስጥ ግን አንዲት አረንጓዴ ትል አበባውን ግማሽ በልታ፣ ከረጢቱ ጫፍ ላይ በራሷ ኩስ ላይ ተቀምጣለች፣ ከላይዋ «እንኳን ደስ አላችሁ» ይላል። ከረጢቱን ስቋጥር እንቁላሏ ውስጥ ነበረ ማለት ነው፣ ሁለት ሳምንት ዘግይቼ አልብሼዋለሁ። ለጎረቤቴ ዶሮ ሰጠኋት፣ አንድ ጊዜ ነው የነቆረቻት።